በሲ የተጻፉ የፓይተን ኤክስቴንሽኖች አገነባብ

የፓይተን ኤክስቴንሽን በሲ ቋንቋ ተጽፎ ወደ ማሽን ኮድ ከተቀየረ በኋላ እንደማንኛውም የፓይተን ሞጁል ኢምፖርት የሚደረግ የፕሮግራም ክፍል ነው። በስፋት የሚሠራበት የፓይተን ፕሮግራም፣ ሲፓይተን፣ ራሱ የተጻፈው በሲ ስለሆነ ሁለቱን ማገናኘት የቆየ ልማድ ሲሆን፣ እንደ ነምፓይ ያሉ የስሌት ፓኬጆች ፍጥነታቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት ከዚሁ ነው።

ኮዱ የሚጀምረው ፓይተን.ኤች የተባለውን ሄደር ፋይል (ፓይተን ለሲ የሚያቀርባቸውን ፋንክሽኖች የሚያስተዋውቀውን ፋይል) በመጥራት ነው። ይህ ፋይል በብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ከፓይተን ተነጥሎ በሌላ ፓኬጅ ስለሚቀርብ፣ ጀማሪን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቀበለው «ፋይሉ የለም» የሚለው የኮምፓይለሩ፣ ማለትም ኮዱን ወደ ማሽን ኮድ የሚቀይረው ፕሮግራም፣ ስሞታ ነው። ቀጣዩ ወጥመድ የስም ጉዳይ ነው፦ ሞጁሉ «ፋስት» ከተባለ፣ ፓይተን በሚጭነው ጊዜ «ፓይኢኒት_ፋስት» የሚባል ፋንክሽን ይፈልጋል፤ በዚህ ስም ላይ አንዲት ፊደል ብትሳሳት ሊኑክስ ላይ ግንባታው ያለ ምንም ቅሬታ ተጠናቆ ስሕተቱ የሚገለጠው ኢምፖርት ሲደረግ ነው።

ለረጅም ጊዜ ግንባታው ይከናወን የነበረው ከፓይተን ጋር አብሮ በሚመጣው ዲስትዩቲልስ ሲሆን፣ ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ፓይተን 3.12 ተወግዷል። አሁን ፓኬጁ በየትኛው መሣሪያ እንደሚገነባ የሚገለጸው ፓይፕሮጀክት.ቶምል በተባለው ፋይል ውስጥ ነው።

በራስ ኮምፒውተር ላይ ገንብቶ ማስኬድ ግን የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው፤ ዋናው ጣጣ የሚመጣው ውጤቱን ዊል በሚባለው ጥቅል ለሌሎች ማዳረስ ሲያስፈልግ ነው። በአዲስ ሊኑክስ ላይ የተገነባ ኤክስቴንሽን አዲሱን የጂሊብሲ (የሊኑክስ መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ) ቅጂ ሊጠይቅ ስለሚችል በአሮጌው ላይ አልጫን ይላል፤ በአሮጌው የተገነባው ግን በአዲሱ ላይ በአብዛኛው ያለችግር ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው በብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ለሚሠሩ ዊሎች የተዘጋጀው የመጀመሪያው የሜኒሊኑክስ ደረጃ በዚያን ጊዜ ያረጀውን ሴንትኦኤስ 5 የተባለ ሊኑክስ መሠረት ያደረገው፣ እንግዳ ቢመስልም፣ በዚሁ ምክንያት ነው። በተጨማሪም ለየፓይተን ቅጂው፣ ማለትም ለ3.11 አንድ ለ3.12 ሌላ እየተባለ፣ የተለያየ ዊል ማዘጋጀት የተለመደ ነው። ከፓይተን 3.2 ጀምሮ ያለው የተረጋጋ ኤቢአይ (ከቅጂ ቅጂ የማይለወጥ የማሽን ኮድ መገናኛ) ይህን ድካም ያስቀራል፤ ሆኖም ጸሐፊው በተወሰኑ ፋንክሽኖች ብቻ እንዲጠቀም ስለሚያስገድደው አንዳንዴ ፍጥነት ይቀንሳል።

ለኮምፒውተሩ የሚስማማ ዊል ሲጠፋ የፓይተን ፓኬጅ መጫኛው ፒፕ የምንጭ ኮዱን አውርዶ እዚያው ሊገነባው ይሞክራል፤ ያኔ ኮምፓይለርም ፓይተን.ኤችም የሌለው ተጠቃሚ፣ ሊጠቀም እንጂ ሊገነባ ሳይመጣ፣ ስክሪን ሙሉ የስሕተት መልእክት ይዘረገፍበታል።