«ፓርላማ ላይ ተጠይቆልናል»፦ በሰሜን ሸዋ ስለ እንደራሴና ስለ ሚኒስትር የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስብሰባ በቴሌቪዥን በሚተላለፍበት ቀን ደብረ ብርሃን አንድ ሻይ ቤት ጎራ ያለ ሰው ሁለት ዓይነት ጨዋታ ይሰማል። አንዱ ጠረጴዛ «አፋጠጠልን!» ይላል። ጎኑ ያለው ደግሞ «እባክህ ይህን ድራማ ቀይርልን» ብሎ አስተናጋጁን ይለምናል። እኔ ሁለቱም የተሳሳቱ ይመስለኛል፤ የስሕተታቸው ምንጭም አንድ ነው። የትኛው ጥያቄ የማን በር ላይ መንኳኳት እንዳለበት አልተለየም። በዞናችን አዘውትረው የሚነገሩትን እያነሣሁ ልሂድ። ጤና፣ ፍትሕና ትምህርት ላይ አተኩራለሁ። መንገድና መብራት ራሳቸውን የቻሉ ጉድ ስለሆኑ ለሌላ ቀን ይቆዩ።

«የጤና ሚኒስትሯ ስለ ሆስፒታላችን ተጠይቀዋል፤ ሐኪም መምጣቱ አይቀርም»

ይቀራል። የደብረ ብርሃን፣ የመሐል ሜዳ ወይም የዓለም ከተማ ሆስፒታል ሐኪም የሚቀጠረውም ደመወዙ የሚከፈለውም በአማራ ክልል በኩል ነው። ጤና ጣቢያው ደግሞ በወረዳው በጀት ነው የሚተዳደረው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ላይ ለፌዴራሉ መንግሥት የሰጠው የጤናና የትምህርት አገር አቀፍ መመዘኛና መሠረታዊ የፖሊሲ መለኪያ ማውጣትን ነው። ገንዘቡም ቢሆን ለክልሎች የሚሄደው በድጎማ መልክ ሲሆን፣ የድጎማውን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ድጎማው ክልሉ ካዝና ከገባ በኋላ ለመንዝ ስንት፣ ለመርሐቤቴ ስንት የሚለው የክልሉ ምክር ቤት ጉዳይ ይሆናል።

ስለዚህ እንደራሴው ተነሥቶ «የእገሌ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም የለውም» ቢል፣ ሚኒስትሯ «ከክልሉ ጋር ተነጋግረን እናያለን» ብለው ይቀመጣሉ። ሰው ይህን ሲሰማ ይናደዳል። መልሱ ግን ሕጉን የተከተለ ነው፤ የተበላሸው ጥያቄው ነው።

ታዲያ ጤና ሚኒስቴር የሚጠየቅበት ነገር የለም ማለት አይደለም። እንዲያውም ዋናው ነገር እዚያ ነው ያለው፦ መድኃኒት። አንዲት እናት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮዋን ከፍላ፣ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ካርድ ታወጣለች፣ ትታያለች፣ ይታዘዝላታል። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ስትደርስ ወረቀቱ «የለም፣ ውጭ ይገዛ» ተብሎ ይመለስላታል። ከግል መድኃኒት ቤት የምትገዛው በኪሷ ነው፤ ኪሷ ባዶ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር የተሰጠው ተስፋ «ከኪስ መክፈል ይቀራል» የሚል ነበር።

ያ መስኮት ላይ የጠፋው መድኃኒት መንገዱ ወደ ፌዴራል ያመራል። የመንግሥት ጤና ተቋማት ዋና አቅራቢ የሆነው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የፌዴራል ተቋም ነው። እንደራሴው «ጤና ጣቢያዎቻችን ካዘዙት መድኃኒት ስንቱ ደረሰ? ያልደረሰው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ በጨረታ ነው ወይስ በማጓጓዣ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሚኒስትሯ ወደ ክልሉ የሚገፉት ነገር አይኖራቸውም። እርግጥ የወረዳም እጅ አለበት። የመድኑ ገንዘብ ለሆስፒታሉ ሳይከፈል ሲከርም ሆስፒታሉም መድኃኒት የሚገዛበት ያጣል።

«መዝገቤ ሦስት ዓመት ቆየ፤ የፍትሕ ሚኒስቴርን ጠይቁልኝ»

ይህ የመሬትና የውርስ ክርክር ባለበት ሁሉ ይነገራል። ቀጠሮ ለመከታተል ከቆላው ወጥቶ ደብረ ብርሃን ያደረ፣ ጠዋት ችሎት በር ላይ «ዳኛው ሥልጠና ሄደዋል» ተብሎ ሌላ ቀጠሮ የተጻፈለት ሰው እንዲህ ቢል አልፈርድበትም። ግን የፍትሕ ሚኒስትር የዳኛ አለቃ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተብሎ ቆይቶ በ2014 ዓ.ም. ወደ ፍትሕ ሚኒስቴርነት የተመለሰ ሲሆን፣ ሥራው የመንግሥት የሕግ አማካሪነትና የፌዴራል ዐቃቤ ሕግነት ነው። አንቀጽ 79 በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶች ከማንኛውም የመንግሥት አካልና ባለሥልጣን ተጽዕኖ ነፃ ናቸው ይላል። እንደራሴውም ቢሆን «ለእገሌ ይፈረድለት» ካለ ሕገ መንግሥቱን ጣሰ ማለት ነው።

የሰሜን ሸዋ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤትና የየወረዳው ፍርድ ቤቶች የክልል ናቸው፤ ዳኞቻቸውን የሚሾመው የክልሉ ምክር ቤት ነው። የዳኛ ማነስና የቀጠሮ መብዛት ቅሬታም እዚያ ነው መነሣት ያለበት። ጉዳዩ አዲስ አበባ የሚደርሰው የመጨረሻ ውሳኔ አግኝቶ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለበት ሲባል፣ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በኩል ነው። በፓርላማ በኩል አይደለም።

ነገር ግን እዚሁ ዞናችን ውስጥ የፌዴራል የሆነ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያስበውም። የሸዋ ሮቢት ማረሚያ ቤት የፌዴራል ነው። የታራሚ አያያዙ፣ ምግቡ፣ ሕክምናው፣ ከሩቅ የመጣ ቤተሰብ የሚጉላላበት ሁኔታ ሁሉ ምክር ቤቱ በቀጥታ ጠርቶ ሊጠይቅበትና ሄዶ ሊያይ የሚችለው ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬና አካባቢዋ ሲቃጠሉ የጠፋው ሕይወትና ንብረትስ? የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። «ይህ ፖሊሲ አጣዬ ላይ ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው ምን ይዞለት ይመጣል?» የሚለው ለፍትሕ ሚኒስቴር በልኩ የተሰፋ ጥያቄ ነው። እኔ ብሆን የዞናችንን እንደራሴዎች በየዓመቱ ይህንኑ ደጋግማችሁ ጠይቁ እላቸው ነበር።

«ልጆቻችንን የጣላቸው ትምህርት ሚኒስቴር ነው»

ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ሰበብ ነው። ቁጥሩ እንዲህ ነው፦ በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ኩረጃው ቀረ፤ ሲቀር ደግሞ ቀድሞውንም የነበረው ተገለጠ። ትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ምክር ቤት ቀርበው ደጋግመው የተሟገቱትም ይህንኑ ነው፤ በዚህ ነጥብ እስማማለሁ።

የማልስማማው ሚኒስቴሩ መስታወቱን አሳይቶ ፊቱን ለክልል ሲተው ነው። የመምህር ደመወዝና ምደባ የክልልና የወረዳ መሆኑ እውነት ነው። የሁለተኛ ደረጃ መማሪያ መጽሐፍ ግን የፌዴራል ሥራ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲገባ አንድ መጽሐፍ ለአራት ለአምስት ሲዳረስ፣ ወላጅ ደግሞ ሥልክ ላይ ተጭኖ የመጣ ፒዲኤፍ እንዲያሳትም ሲነገረው አይተናል። ዘጠነኛ ክፍልን ያለ መጽሐፍ የጨረሰ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ቢወድቅ «አላጠናም» ይባላል?

ሌላም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት የተዘጉ ትምህርት ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ትምህርት ተቋርጦበት የከረመ ልጅና አዲስ አበባ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የተማረ ልጅ አንድ ወረቀት ይፈተናሉ። የፈተናው ጉዳይ ሙሉ በሙሉ የፌዴራል ስለሆነ፣ «ትምህርት ለተቋረጠባቸው ወረዳዎች ምን የተለየ ዝግጅት አደረጋችሁ?» ሲባሉ ሚኒስትሩ ወደ ማንም መጠቆም አይችሉም።

«ተመራጩ የወረዳችን ጠበቃ ነው»

አንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸው ይላል። ተገዢነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው። ስለ ሞጃና ወደራ ወረዳ ብቻ የሚያወራ እንደራሴ ሥራውን በግማሽ ነው የሚሠራው። የአርባ ምንጭ ተመራጭ ስለ ሸዋ ሮቢት ማረሚያ ቤት ቢጠይቅም ጣልቃ ገባ አይባልም። ፓርቲውስ? «ለኅሊናቸው» የሚለው ቃል ዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ፓርቲ የሚለው የለም። በተግባር ግን በ2013 ዓ.ም. በተመረጠው ምክር ቤት መቀመጫው ከሞላ ጎደል የገዥው ፓርቲ ስለሆነ፣ ጠያቂውም ተጠያቂውም ብዙ ጊዜ አንድ ግምገማ ላይ የተቀመጡ ናቸው። ጥያቄው በምስጋና ተጀምሮ በምስጋና የሚያልቀው ለዚህም ጭምር ነው።

«የምክር ቤት አባል አይከሰስም» ወይም «ከጠየቀ ይታሰራል»

ምክር ቤት ውስጥ በሰጠው ድምፅና አስተያየት አይከሰስም፤ ይህ ፍጹም ነው። ከዚያ ውጭ ባለው እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በስተቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም፣ አይከሰስም። ፈቃዱ ግን ሊሰጥ ይችላል። የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄው (አብን) ክርስቲያን ታደለ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ታስረዋል፤ ምክር ቤቱ ያለመከሰስ መብታቸውን ያነሣው ኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል።

«ድራማ ነው»

በቴሌቪዥን የሚታየው ቀልብ አይስብም፤ አልክድም። አንድ አባል «የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ ዕድሉን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ» ብሎ ስድስት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ይደረድራል። ሌላው አምስት ይጨምራል። ሚኒስትሩ ከአሥራ አንዱ የሚመቻቸውን መርጠው ይመልሳሉ፤ «የእኔ ጥያቄ ተዘሏል» ብሎ የሚነሣም እምብዛም የለም። አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ እስኪመለስ ድረስ የሚሟገት አባል ቢኖር ሻይ ቤቱ ቻናል አይቀይርም ነበር።

ሆኖም አንቀጽ 55 ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና አሠራራቸውን የመመርመር ሥልጣን ለምክር ቤቱ ሰጥቷል። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ጉዳዩ የግድ ውይይት ይደረግበታል፤ ምክር ቤቱም አስፈላጊ መስሎ የታየውን እርምጃ ሊወስድ ይችላል። እህል የሚወቃው ደግሞ ካሜራ በማይበዛበት በቋሚ ኮሚቴዎች ነው፦ የሕግና ፍትሕ፣ የጤና ማኅበራዊ ልማት ባህልና ስፖርት፣ ትምህርትን የያዘው የሰው ሀብት ልማት ሥራ ስምሪትና ቴክኖሎጂ። ዕቅድና ሪፖርት የሚገጣጠመው፣ ኦዲት ግኝት የሚነሣው፣ የመስክ ጉብኝት የሚወጣው ከዚያ ነው። ሸዋ ሮቢትም ሆነ ዓለም ከተማ የሚመጣው የኮሚቴ መኪና ነው።

«አንዴ ከመረጥነው አምስት ዓመት አይነካም»

ሕዝቡ አመኔታ ካጣበት ከምክር ቤት አባልነቱ ሊነሣ ይችላል ይላል ያው አንቀጽ 54።

ምክር ቤቱ የሚሠራው ከመስከረም መጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው። በዕረፍት ጊዜ እንደራሴው ወደ ምርጫ ክልሉ ይመጣል፣ አዳራሽም ይጠራል። በርኖስ የደረቡ አንድ አባት ተነሥተው «ልጄ፣ መድኃኒት የለም፣ ፍርድ የለም፣ ትምህርት የለም» ብለው ሲቀመጡ አዳራሹ ያጨበጭባል፤ እንደራሴው ማስታወሻው ላይ «መልካም አስተዳደር» ብሎ ይጽፋል። ያችው እናት «ውጭ ይገዛ» የተባለችበትን ወረቀት ከቀኑና ከመድኃኒቱ ስም ጋር ብታስይዘው ግን ኮሚቴው ፊት የሚዘረጋው ነገር ይኖረዋል። የመጽሐፍ እጥረትም እንደዚሁ ነው፤ በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው የትምህርት ዓይነት፣ ለስንት ተማሪ ስንት መጽሐፍ እንደደረሰ ርዕሰ መምህሩ ፈርሞ ይስጠው። የፍርድ ቤት ቀጠሮውን ወረቀት ግን ለክልሉ ምክር ቤት ተመራጭ ስጡት፤ እሱም ከዚሁ ወረዳ ነው የተመረጠው፣ ስሙን የሚያውቀው ሰው ባይበዛም።