«ዘ ኤንድ»፦ የዘ ዶርስ የመጀመሪያ አልበም መዝጊያ ዘፈን

«ዘ ኤንድ» የአሜሪካው የሮክ ባንድ ዘ ዶርስ የመጀመሪያ አልበሙን የዘጋበት ዘፈን ነው። በባንዱ ስም የተሰየመውን ይህን አልበም ኤሌክትራ ሬከርድስ በጥር 1967 እ.ኤ.አ. አወጣው። 11 ዘፈኖች አሉት። የመጨረሻው ብቻውን ከ11 ደቂቃ በላይ ይወስዳል።

ባንዱ በ1965 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተመሠረተ።

ዘፈኑ መጀመሪያ አጭር ነበር። ድምፃዊው ጂም ሞሪሰን ከፍቅረኛው ሲለያይ የጻፈው የስንብት ግጥም ነው ይባላል። የረዘመው መድረክ ላይ ነው። በ1966 ባንዱ ዊስኪ አ ጎ ጎ በሚባል ክለብ ይሠራ ነበር። ሌሎቹ ያንኑ ዜማ እያመላለሱ ያቆዩለታል፤ ሞሪሰን የመጣለትን ይጨምርበታል። ባህር ዳር አዝማሪ ቤት ላመሸ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ባለ አንድ ክሩ ማሲንቆ ሲመላለስ፣ እንግዳው «ተቀበል!» ሲል፣ አዝማሪው ስንኙን ተቀብሎ ወዲያው በራሱ ይመልሳል። እውነቱን ለመናገር የእኛዎቹ ይፈጥናሉ፤ ቤት መምታቱንም አይለቁም።

በነሐሴ 1966 አንድ ምሽት ሞሪሰን ልጅ አባቱን ገድሎ ወደ እናቱ የሚሄድበትን ክፍል ጨመረ። መነሻው የጥንቱ የግሪኮች የኤዲፐስ ታሪክ ነው። ክለቡ አባረራቸው። በዚያው ወር ግን ሰንሴት ሳውንድ ስቱዲዮ ገብተው ዘፈኑን ቀዱት። ፕሮዲውሰሩ ፖል ሮትቻይልድ ነበር። አሁን የምንሰማው ሁለት ቅጂዎች ተቆርጠው የተቀጠሉበት ነው፤ ቅጥያው ለጆሮ አይታወቅም።

ለእኔ የዘፈኑ ጌታ ጊታሪስቱ ሮቢ ክሪገር ነው። ጊታሩን ከተለመደው ቅኝት አውጥቶ የሕንድ ሲታር አስመስሎታል። ሬይ ማንዛሬክ ኦርጋኑን፣ ጆን ዴንስሞር ከበሮውን ይዘው ቀስ እያሉ ይከተሉታል። የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ላይ ይፈነዳል።

ስለ ትርጉሙ ብዙ ተብሏል። ሞሪሰን ራሱ ሲጠየቅ፣ በሰማው ቁጥር ሌላ ሌላ ነገር እንደሚመስለው ተናግሯል። እንግዲህ ባለቤቱ እንዲህ ካለ ተንታኞቹ ቢረጋጉ ይሻላል።

እዚህ ባህር ዳር የማውቃቸው አድማጮች ዘፈኑን ያገኙት በፊልም ነው። የ1979ኙ «አፖካሊፕስ ናው» የሚጀምረው በዚህ ሙዚቃ ነው፤ የቬትናም ጫካ በእሳት ሲጋይ ይታያል። ዳይሬክተሩ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ፣ ሞሪሰንና ማንዛሬክ ሦስቱም በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተምረዋል።