«ሽታ የሌለው» እና «ሽቶ ያልተጨመረበት» አንድ አይደሉም

በሕፃናት ሻምፑ ላይ ብዙ ወላጅ የሚያሳስተው «ሽታ የሌለው» የሚለው ጽሑፍ ነው። አፍንጫ አይሸተውም ማለት እንጂ ሽቶ የለበትም ማለት አይደለም፤ የጥሬ ዕቃውን ጠረን ለመሸፈን ሽቶ ሊጨመርበት ይችላል። ቆዳው ቶሎ ለሚቀላ ልጅ የሚፈለገው «ሽቶ ያልተጨመረበት» የሚለው ነው። «አያስለቅስም» የሚለውም ስለ ዓይን እንጂ ስለ ቆዳ አይናገርም።

ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 5.5 አካባቢ የሆነውን ይምረጡ፤ ለቆዳ የሚቀርበው እሱ ነው። ተራ የገላ ሳሙና ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ የውሃው ነገር አለ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግረው ካልሲየም ከሳሙና ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሠራል፤ ዝቃጩ አንገትና ብብት እጥፋት ውስጥ ቀርቶ ቆዳውን ያደርቃል፣ ያሳክካል። ሳሙና የሌለበት ፈሳሽ መታጠቢያ እንዲህ አይዘቅጥም።

ሙቀቱ ሲበረታ ልጁን በየቀኑ ማጠብ ይቻላል፣ ግን በለብ ያለ ንጹህ ውሃ ብቻ። ፈሳሽ መታጠቢያው በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃል። በድሬዳዋው ከፊራ ገበያ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የዋለውን አይግዙ። ክዳኑ የተከፈተ ዕቃ ሥዕል ላይ 12 ከተጻፈ፣ ከተከፈተ በኋላ ለ12 ወር ያገለግላል ማለት ነው።