የጊታር አክሽን ምንድን ነው? ትረስ ሮዱን እባካችሁ ተዉት

ሰሞኑን አንድ ልጅ ከኮምቦልቻ ዳገቱን ወጥቶ ደሴ ድረስ መጣ። ጊታሩን ከቦርሳው አውጥቶ ሰጠኝና «ጋሼ፣ አክሽኑ ከፍ ቢልብኝ ትረስ ሮዱን አጠበቅሁት። አሁን ጭራሽ ባሰበት» አለኝ። ቀጭኗን ክር መጀመሪያው ፍሬት ላይ (ፍሬት አንገቱ ላይ አግድም የተተከለች ቀጭን ብረት ናት) ተጫንኳት። «ዝዝ» ብቻ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አንገቱን ከጫፍ ሳየው መሃሉ ወደ ክሮቹ ጎብጧል።

ምክሩን ያገኘው ከቪዲዮ ነው። «ትረስ ሮድ ማለት የክር ከፍታ ማስተካከያ ነው» ይላል ሰውዬው። ይህን አባባል ስንቴ እንደሰማሁት! አይደለም፣ ወንድሜ።

አክሽን ማለት በክሩና በፍሬቱ አናት መካከል ያለው ክፍተት ነው። ብዙ ጊዜ 12ኛው ፍሬት ላይ ይለካል። በኤሌክትሪክ ጊታር ወፍራሟ ክር 2 ሚሊ ሜትር፣ ቀጭኗ 1.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነች ለአብዛኛው ሰው እጅ ትመቻለች። ትረስ ሮድ ደግሞ አንገቱ ውስጥ የተቀበረ ብረት ነው። የጊብሰን ሠራተኛ የነበረው ታዴየስ ማክሂው እ.ኤ.አ. በ1923 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ክሮቹ አንገቱን ወደፊት ይስቡታል፤ ብረቱ ይመልሰዋል። ሥራው ይኸው ነው።

የጠፍር አልጋን አስቡ። ከራስጌ እስከ ግርጌ አንድ ገመድ ከአልጋው በላይ ወጥሩ። ገመዱ ክር ነው፤ ጠፍሩ የጊታሩ አንገት፤ ራስጌው ነት፣ ማለትም አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት፤ ግርጌው ብሪጅ፣ ማለትም አካሉ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት። ጠፍሩ ከረገበ መሃሉ ይሰምጣል፤ ገመዱ መሃል ላይ የራቀ ይመስላል። ጠፍሩን ስትወጥሩት መሃሉ ወደ ገመዱ ይጠጋል። ግርጌው ላይ ግን ምን ተለወጠ? ምንም። ገመዱ ግርጌ ላይ ከፍ ብሎ ከታሰረ፣ ጠፍሩን ቀኑን ሙሉ ብትወጥሩት አይወርድም። ማሰሪያውን ዝቅ ማድረግ ነው ያለባችሁ። ጠፍሩን አለቅጥ ከወጠራችሁት ደግሞ የአልጋው እንጨት ይሰነጠቃል። የጊታር አንገትም እንደዚሁ ነው።

«ግን እኮ ሳጠብቀው ክሩ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ» የሚል አለ። እውነቱን ነው፣ ትንሽ ይወርዳል። ስህተቱ የማይጠፋውም ለዚህ ነው። የሚወርደው ግን በዋናነት መሃል አካባቢ ነው። አንገቱ ከአካሉ ጋር የሚገጥምበት ቦታ ላይ ብረቱ አቅም የለውም። ከዚያ በላይ ስታጠብቁት የአንገቱ መሃል ወደ ክሮቹ ይጎብጥና የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች «ዝዝ» ይላሉ። ልክ እንደ ልጁ ጊታር።

አንገቱ ፍጹም ቀጥ እንዲልም አንፈልግም። ክር ሲመታ በሰፊው የሚወዛወዘው መሃሉ ላይ ስለሆነ ትንሽ ቦታ ይፈልጋል። ይህችን ትንሽ ርግበት ሪሊፍ እንላታለን። መጀመሪያ ጊታሩን በትክክል ቃኙ። ያልተቃኘ ጊታር ላይ የሚወሰድ ልክ ዋጋ የለውም። ከዚያ ወፍራሟን ክር 1ኛው ፍሬት ላይና አንገቱ ከአካሉ የሚገጥምበት ፍሬት ላይ አንድ ላይ ተጫኑ። 7ኛው ፍሬት ላይ የሚቀረውን ክፍተት እዩ። 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ በቂ ነው። መለኪያ የለኝም አትበሉ። 10 የምትባለዋ ቀጭን ክር ውፍረቷ ያው 0.25 ነው። ከአሮጌዋ ቁራጭ አስቀሩና ከክሩ ሥር አሾልኳት። ነክታ ካለፈች ጨርሳችኋል።

ብረቱ መነካት ካለበት ሩብ ዙር፣ ከዚያ መቃኘት፣ ከዚያ መለካት። ብረቱን የምታዞሩበት ቁልፍ ከከበዳችሁ አቁሙ። የልጁን ጊታር አላልቼ አሳደርኩት፤ እንጨት ወዲያው አይታዘዝም። ደሴና ኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቢራራቁም አየራቸው አንድ አይደለም። እንጨት እርጥበት ሲያገኝና ሲደርቅ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ በክረምት ያስተካከላችሁትን በበጋ እንደገና እዩት።

በማግስቱ ወደ ትክክለኛው ቦታ ሄድን፤ ወደ ግርጌው። በስትራቶካስተር ዓይነት ጊታር እያንዳንዱ ሳድል፣ ማለትም ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበት ቁራጭ፣ ሁለት ትንንሽ ብሎን አለው። በሌስ ፖል ዓይነት ብሪጁ በሁለት ጎማ መሳይ ብሎኖች ይወጣል ይወርዳል። 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ነው። ስለዚህ ሳድሉን 1 ሚሊ ሜትር ብታወርዱ እዚያ የሚወርደው ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የልጁ ከ2.6 ወደ 2.1 ወረደ። የቸገረው ነገር ይኸው ነበር።

ደግሞ ዝቅ ያለ ሁሉ ጥሩ አይደለም። አምባሰልን ወይም አንቺሆዬን በጊታር የሚጫወት ሰው ክሩን ገፋ እያደረገ ድምፁን ያስለቅሳል። አክሽኑ በጣም ከወረደ፣ በተለይ የአንገቱ ገጽ ክብ በሆነ ጊታር ላይ፣ ክሩ ሲገፋ ከላይ ያለውን ፍሬት ነክቶ ድምፁ እዚያው ይሞታል። ማሲንቆ ላይ ይህ ጣጣ የለም። ጣት ክሩን ይነካል እንጂ እንጨት ላይ አይጫንም።

ክሩን ካወረዳችሁ ፒክአፑንም፣ ማለትም ከክሮቹ ሥር ያለውን ማግኔታም ድምፅ ተቀባይ፣ እዩት። ማግኔቱ በጣም ከቀረበ ክሩን ይስብና ቅኝቱን ያበላሻል። በመጨረሻ 12ኛው ፍሬት ላይ የተጫናችሁትን ድምፅና እዚያው ላይ ሳትጫኑ ነካ አድርጋችሁ የምታወጡትን ሃርሞኒክ አወዳድሩ። የተጫናችሁት ድምፅ ከፍ ካለ ሳድሉን ከአንገቱ አርቁ፣ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ አቅርቡ።