የግጦሽ ክለላ ምንድን ነው?

«መስኩ ተከልሏል» ሲባል ነገሩ እዚያው ያለቀ ይመስላል። ሄክታሩ ይቆጠራል፣ አጥሩ ፎቶ ይነሳል፣ ጠባቂ ይቀጠራል። በጎንደር ዙሪያ ስላሉ የወል መስኮች ወሬ ሲነሳ ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «ክለላ ማለት ባለከብቱን ማስወጣት ነው፤ የቀረውን ሳሩ ራሱ ይጨርሰዋል» ብለው ጽፈዋል። ይህ አነጋገር ስንት መስክ አበላሽቷል! ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ክለላ በጊዜ ላይ የሚደረግ ስምምነት ነው። መስኩ መቼ ይዘጋል? መቼ ይከፈታል? ሲከፈት ስንት ከብት ለስንት ቀን ይገባል? ተዘግቶ ሳለ ያ ሁሉ ከብት ምን ይበላል? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ የታጠረ መስክ አልተከለለም፤ ከብቱ ወደ ጎረቤት ጎጥ ተገፋ እንጂ። በአንድ በኩል 40 ሄክታር ሲያገግም በሌላ በኩል ሌላ 40 ሄክታር ይራቆታል፤ በሪፖርት ላይ የሚታየው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ወጌሻ የተሰበረ እግር ሲያስር የሚያደርገውን አስቡ። አጥንቱን የሚገጥመው ማሰሪያው አይደለም፤ ማሰሪያው አጥንቱ እስኪገጥም ድረስ እንዳይናጋ ይይዛል። እስከዚህ ድረስ እኚህ አስተያየት ሰጪ ትክክል ናቸው፤ ሳሩም ካረፈ ይመለሳል። ግን ወጌሻ ዝም ብሎ አያስርም። መጀመሪያ አጥንቱን ወደ ቦታው ይመልሳል። ቀጥሎ እግሩ ለታሰረው ሰው በዚያ ሰሞን ማን ውሃ እንደሚቀዳለትና ማን እንደሚያርስለት ይጠይቃል። በመጨረሻም የሚፈታበትን ቀን ይናገራል። ሦስቱም ለመስክ ይሠራሉ።

አጥንቱን ወደ ቦታው መመለስ ማለት ከመዝጋት በፊት መሬቱ ላይ ምን እንደቀረ ማየት ነው። ሰርዶና ማገጥ ተግጠው ተግጠው መሬት ለመሬት የቀሩበት መስክ ሥሩ ሕያው ነው፤ አንድ ክረምት ሙሉ ካረፈ ለውጡ በዓይን ይታያል። አፈሩ ተራቁቶ ቆዳ ያበጀ፣ ውሃ ሲወርድበት የማይሰርግ መሬት ግን ቢዘጋም ባዶውን ይከርማል። እንዲህ ያለውን ቦታ በዝናቡ መግቢያ መጫርና እንደ ደሾ ያለ ሳር በግንጣይ ሥር መትከል ያስፈልጋል፤ በመስመሮቹ መካከል ግማሽ ሜትር ያህል ይተዋል። ከሁሉ የሚከፋው አረም የወረረው መስክ ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ አሜኬላ የሚሉትን እሾሃም አረም ከብት አይደፍረውም። ቅንጬ አረምንም አይወደውም፤ ተቸግሮ ከበላው ወተቱ ይመርራል። ከብት የማይበላውን አረም ከብት በማስወጣት ማጥፋት አይቻልም። ስለዚህ መስኩ በተዘጋበት ክረምት አረሙ ሳያብብ ከነሥሩ መነቀል አለበት፤ ዘሩን ካፈሰሰ በኋላ የሚደረግ ዘመቻ ዘር ማዛመት ነው። በጣና ዳርቻ ያላችሁ ደግሞ ከሐይቁ የወጣ እምቦጭ መስክ ላይ እንዳይከመር ጠብቁ። ክምሩ ሥር ያለው ሳር ይሞታል፤ ውሃው ሞልቶ ሲመለስም አረሙን መልሶ ይወስደዋል።

ቦረቦር ካለ ከሳሩ በፊት እሱ ይያዝ። ክትር፣ ማለትም ጎርፉን የሚያዘገይ ትንሽ ግድብ፣ ሲሠራ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል መሆን አለበት። ወለሉ 5 በመቶ ተዳፋት ከሆነና ክትሩ 1 ሜትር ከፍታ ካለው ርቀቱ 20 ሜትር ይሆናል። ከዚያ ከተራራቀ በመካከል ያለው ወለል መቆረሱን ይቀጥላል። የክትሩ መሐል ከዳርና ዳሩ ዝቅ ይበል፣ ጎንና ጎኑም ቢያንስ ግማሽ ሜትር ወደ ግድግዳው ይግባ፤ አለዚያ ውሃው ክትሩን ዞሮ አዲስ ቦረቦር ይከፍታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው ወደሚዘለው፦ ታሳሪውን ማን ይመግበዋል? ማለትም መስኩ ሲዘጋ ከብቱ ምን ይበላል?

ሒሳቡን በወረቀት ላይ መሥራት ይቻላል። 50 ሳንቲ ሜትር በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ክፈፍ ያዙ። መስኩ ላይ ሳትመርጡ ቢያንስ 20 ቦታ ጣሉት፣ በውስጡ ያለውን ሳር እያጨዳችሁ አድርቁና መዝኑ። አማካዩ በግራም ተይዞ በ40 ሲባዛ በሄክታር ስንት ኪሎ ደረቅ ሳር እንዳለ ይሰጣችኋል። 50 ግራም ከሆነ በሄክታር 2,000 ኪሎ ማለት ነው። መስኩ 40 ሄክታር ቢሆን 80 ቶን፤ ግማሹ ለሥሩና ለአፈሩ ስለሚተው የሚበላው 40 ቶን ነው። በሙያው 250 ኪሎ የሚመዝን ከብት እንደ አንድ መለኪያ ይያዛል፤ በቀን የክብደቱን 2.5 በመቶ፣ ማለትም 6.25 ኪሎ ደረቅ መኖ ይበላል። የአገር ውስጥ በሬ አንድ መለኪያ ያህል ነው፤ ላም ከ0.7 እስከ 0.8፣ አህያ 0.5፣ በግና ፍየል 0.1። በጎጡ ያለው ከብት ተደምሮ 160 መለኪያ ቢሆን ያ 40 ቶን ሳር የሚያዘልቀው ለ40 ቀን ብቻ ነው።

ይህን ቁጥር ያየ ሰው ሁለት ነገር ይረዳል። አንደኛ፣ መስኩ ለዓመቱ ቀለብ ያለው ድርሻ ከሚታሰበው ያነሰ ነው፤ ከብቱ አብዛኛውን በጋ የሚያሳልፈው በጭድ፣ በአገዳና ከአጨዳ በኋላ በሚለቀቅ ማሳ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል። ማሳው ሁሉ በሰብል በተያዘበት በሐምሌና በነሐሴ ከብቱ ሌላ መዋያ የለውም። ሳሩ ማረፍ የሚፈልገውም በዚያው ወቅት ነው። «ገበሬው ለምን እምቢ ይላል?» ለሚሉት መልሱ እዚህ አለ፤ ባለከብቱ ክለላን የሚጠላ ሆኖ አይደለም፤ የተጠየቀው ከብቱ በሚራብበት ወር ነው።

ስለዚህ ሙሉ መስክ በአንድ ጊዜ መዝጋት ብዙ ጊዜ አይሠራም። በሦስት ከፍሎ በየዓመቱ አንዱን ማሳረፍ ይቻላል። ለዚያ ክረምት የሚሆን ድርቆሽ ባለፈው ጥቅምት ታጭዶ መከመር አለበት፤ ክለላው ሰኔ ላይ ሲታወጅ መኖ ማሰብ የዘገየ ነው። ጭድን በዩሪያ ማከምም ይረዳል፤ ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ ይረጫል፣ አየር እንዳይገባው ተደርጎ 21 ቀን ይታፈናል። ከመመገቡ በፊት ሽታው እስኪቀንስ ይናፈስ፣ ከስድስት ወር በታች ላለ ጥጃ አይሰጥ፣ ያልሟሟ ዩሪያም ከብት ይገድላል። ከብቱን ወደ መተማና ወደ ቋራ ቆላ ማውረድ የቆየ መፍትሔ ነው፤ ግን ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ አለ፣ መንገዱም ያከሳል፣ ጫናውም ወደ አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ይሄዳል። ጫና ማዛወር እንደ መቀነስ ተቆጥሮ ሪፖርት መደረግ የለበትም።

ስምምነቱን ማን ይፈርማል? ብዙ ጊዜ የሚጠሩት በሬ ያላቸው አባወራዎች ናቸው። ኩበት የሚለቅሙ ሴቶች ይረሳሉ። መስኩ ሲዘጋ ማገዶአቸውም አብሮ ይዘጋል፤ ሌሊት አጥሩን የሚከፍተው ማን እንደሆነ ከመጠየቅ በፊት ማን እንዳልተማከረ መጠየቅ ይቀላል። መሬት የሌላቸው በግ አርቢ ወጣቶችም እንዲሁ።

ክለላውን የሚያግዙ ድርጅቶች ባለሙያዎችም በመካከላቸው አይስማሙም፣ ይህም ገበሬው ፊት ሳይደርሱ መፈታት አለበት። የእንስሳት ባለሙያው ሳሩ ማበብ ሲጀምር እንዲታጨድ ይፈልጋል፤ የመኖ ጥራቱ ያን ጊዜ ይሻላል። ሳሩ እንዲባዛ የሚፈልገው ዘር እስኪያፈስ ጠብቁ ይላል። የወፍ ጥበቃ ባለሙያው ደግሞ በጣና ዙሪያ እርጥብ ሳር ውስጥ ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች በክረምት እንደሚፈለፍሉ ያውቃልና ጫጩቶቹ ሳይወጡ ማጭድ እንዳይገባ ይለምናል። የሚያስማማው ዕቅድ ይህ ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም ዘር እስኪረግፍ ይጠብቅ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ሁለት ሦስተኛው በአበባ ይታጨድ፣ አንድ ሦስተኛው በሰፊ ረድፍ ለዘር ይቅር፤ ረድፉ በየዓመቱ ቦታ ይለውጥ። ጎጆ የታየበት ቦታ በምልክት ታጥሮ ይታለፍ። ማጭዱ ከመሬት ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይተው። ድርቆሹ በእጅ ሲጠመዘዝ መሰበር ሲጀምር ይከመር፤ እርጥቡ ከተከመረ ይሻግታል፣ ይግላልም።

የዛፍ ችግኝ ነገርም አለ። መስክ ባዶ መሬት አይደለም። «ከለልነው» ተብሎ ባሕር ዛፍ የተተከለበት የወል መስክ ተወሰደ እንጂ አልተመለሰም፤ ከሥሩ ሳር አይበረክትም። ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ የሚኖረው በአብዛኛው ሳር ግጦ ነው፤ ቀይ ቀበሮም የሚያድነው በሳሩ ሥር የሚኖሩትን አይጦች ነው። ዛፍ የጠፋበትን ገደል ማልማት ሌላ ሥራ ነው፣ እሱም የራሱ ቦታ አለው።

ማሰሪያው የሚፈታበት ቀንስ? ያለ ጊዜው የተፈታ እግር ይጎብጣል፣ ሳይፈታ የቆየም ይደርቃል። ለዓመታት ያልተነካ ሳር ሬሳው በላዩ ይከመርና አዲሱን ቡቃያ ብርሃን ይነሳዋል፤ ቁጥቋጦ ይገባበታል፣ የካቲትና መጋቢት ላይም ለእሳት ይመቻል። በሰሜን ሸዋ የመንዝ ጓሳ የሚባለው የወል ሳር መሬት ቄሮ በሚባለው ነባር የማኅበረሰብ ሥርዓት ይጠበቅ በነበረበት ዘመን ለተወሰኑ ዓመታት እየተዘጋ ለአጨዳና ለግጦሽ ይከፈት ነበር፤ ሥርዓቱ የፈረሰው ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። ያ ሁሉ ዘመን መዝጋትና መክፈት አንድ ሕግ ነበር።

ሲከፈት ቁመትን ተመልከቱ። ሳሩ 20 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ከብት ይግባ፣ 7 ወይም 8 ሲቀረው ይውጣ። ዋልካ መሬት እርጥብ ሳለ ፈጽሞ አይከፈት፤ ሰኮናው የሚቀብረው ቡቃያ ከሚበላው ይበልጣል። ቀኑን ሰው በማይረሳው በዓል ማሰር ይጠቅማል፤ ለምሳሌ ከሰኔ ሚካኤል እስከ ኅዳር ሚካኤል ቢባል እረኛው ሕፃንም ያውቀዋል። ቅጣቱ መጠነኛ ይሁን። የበሬ ዋጋ የሚያህል ቅጣት የተጻፈበት ደንብ ማንም በጎረቤቱ ላይ አያስፈጽመውም፤ አንድ ጊዜ ካልተፈጸመ ደግሞ ፈረሰ። የተያዘው ከብት ማን ቤት እንደሚያድር፣ ማን እንደሚያጠጣው፣ ገንዘቡም ወዴት እንደሚገባ አብሮ ይጻፍ።

ከመዝጋታችሁ በፊት ደግሞ እዚያው አቅራቢያ፣ አፈሩና ተዳፋቱ የሚመሳሰል፣ እንደ ወትሮው የሚጋጥ መስክ መርጣችሁ በዚያው ክፈፍ ለኩ። እሱ ላይም ትንንሽ የሽቦ ቅርጫቶች ድፉ፤ የምትመዝኑት ቅርጫቱ ሥር የቀረውን ነው፣ አለዚያ የለካችሁት ከከብቱ የተረፈውን ይሆናል። በየዓመቱ በመስከረም መጨረሻ ሁለቱንም መዝኑ። ዝናቡ ጥሩ በሆነበት ክረምት ያልተከለለውም ይለመልማል፤ ከክለላው የመጣው ትርፍ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ነው።