የልጅ ገመና በአሜሪካ ትምህርት ቤት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አገር ቤት ያደግን ወላጆች መምህርን እንደ ሁለተኛ ወላጅ ስለምናይ፣ ልጃችንን አሜሪካ ውስጥ ትምህርት ቤት ስናስገባም የተጠየቅነውን ሁሉ መናገር የአክብሮት ምልክት ይመስለናል። አክብሮቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የልጅን ገመና ማን ማየት እንደሚችል የሚወስነው ሕግ እንጂ ይሉኝታ ስላልሆነ፣ ደጋግሜ የምሰማቸውን ጥቂት የተሳሳቱ አመለካከቶች ከእውነታው ጋር አቀርባለሁ።

«ለምዝገባ የተጠየቀው ወረቀት ሁሉ ግዴታ ነው።»
እውነታው፦ ትምህርት ቤቱ የልጁን ዕድሜ፣ ክትባቱንና በአካባቢው መኖራችሁን የሚያሳይ ማስረጃ መጠየቅ ይችላል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አልሰጣችሁም ብሎ ግን ልጁን ሊመልሰው አይችልም፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1982 ፕላይለር በተባለው ክርክር፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ልጅ ከመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳይገለል ወስኗል።

«ፌርፓ እያለ ያለ እኔ ፈቃድ ስለ ልጄ የሚወጣ ነገር የለም።»
እውነታው፦ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። ፌርፓ በመባል የሚታወቀው የ1974ቱ ሕግ፣ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶች የተማሪን ማኅደር ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ለሌላ አሳልፈው እንዳይሰጡ በመርሕ ደረጃ ይከለክላል፤ ወላጅም በጠየቀ በ45 ቀናት ውስጥ ማኅደሩን የማየት፣ ስሕተት ካገኘም እንዲታረም የመጠየቅ መብት አለው። ሆኖም ሕጉ ቀዳዳ አያጣም። ስም፣ አድራሻ፣ ስልክና ፎቶግራፍ «ዳይሬክተሪ ኢንፎርሜሽን» (ቢወጣ ጉዳት የለውም የሚባል መረጃ) ተብለው ከተመደቡ፣ ወላጅ አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተቃወመ በቀር ለውጭ ሰው ሊሰጡ ይችላሉ። የመቃወሚያው ቅጽ ደግሞ ትምህርት ሲከፈት ከምሳና ከአውቶቡስ ወረቀቶች ጋር ተደባልቆ ስለሚመጣ፣ ብዙዎቻችን ሳናነበው እናልፈዋለን፤ እኔም አንድ ዓመት እንዲሁ አልፎኛል። ከዚህ በተረፈ ሕጉ የሚጠብቀው በማኅደር የሰፈረውን እንጂ፣ መምህርቷ ልጁን ልትወስዱ ስትመጡ በር ላይ በዓይኗ ያየችውን አይደለም።

«ለትምህርት ቤት ነርስ የነገርኩት በሂፓ ይጠበቃል።»
እውነታው፦ በመንግሥት ትምህርት ቤት ነርሷ የምትይዘው መዝገብ በአብዛኛው የሚተዳደረው የሕክምና መረጃን ምስጢር በሚጠብቀው ሕግ በሂፓ ሳይሆን በፌርፓ ነው፤ ስለዚህ ለሥራቸው የሚያስፈልጋቸው ሠራተኞች ሊያዩት ይችላሉ። ልጁ አስም ካለበት መድኃኒቱን፣ ሰዓቱንና ሲብስበት የሚደረገውን መንገር ይበቃል። ሐኪሙ «ሙሉ የሕክምና ታሪኩን» እንዲልክ የሚፈቅድ ቅጽ ከቀረበላችሁም፣ ያንን ሰርዞ «የአስም ሕክምና ዕቅድ ብቻ» ብሎ ጽፎ መፈረም ነውር የለበትም።

«ልጄ ቢያስተረጉምልኝ ምን አለበት?»
እውነታው፦ አንድ የ11 ዓመት ልጅ በመምህርቷና በእናቱ መካከል ተቀምጦ አይቻለሁ። መምህርቷ «ክፍል ውስጥ ያለቅሳል፤ ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ ወይ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ልጁ «ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ያወራል ነው የምትልሽ» ብሎ ተረጎመ፤ እናትም አመስግና ወጣች። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት እንግሊዝኛ ለሚቸግረው ወላጅ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ኃላፊነት ስለሆነ፣ ቀጠሮ ሲያዝ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። የሚመጣው ሰው በቤተ ክርስቲያን ወይም በእድር የምታውቁት እንዳይሆን ከሰጋችሁ፣ ከሌላ ከተማ በስልክ የሚያስተረጉም እንዲመደብላችሁ ጠይቁ።