«ዓመፃ» ሲባል ምን ማለት ነው?

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ጌታችን በተራራው ስብከቱ፣ በስሙ ትንቢት የተናገሩ፣ አጋንንትን ያወጡና ብዙ ተአምራትን ያደረጉ ሰዎች በዚያ ቀን ይህንኑ እየጠቀሱ እንደሚለምኑት፣ እርሱ ግን «ከቶ አላወቅኋችሁም፤ እናንተ ዓመፀኞች፥ ከእኔ ራቁ» እንደሚላቸው ተናግሯል (ማቴ. 7፥22-23)። «ዓመፀኞች» የሚለውን ቃል በዛሬው አነጋገራችን ከሰማነው ግን ይህ ከባድ ተግሣጽ ሳይነካን ያልፋል። ዛሬ ዓመፅ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን በገዢዎች ላይ የሚነሣ ሕዝብ፣ ሁከትና ግርግር ነውና፤ በሰላም ሠርቶ የሚገባና ጸሎቱን የማያቋርጥ ሰው ቃሉ እርሱን የሚመለከት አይመስለውም።

በግእዝ «ዐመፀ» ማለት በደለ፣ ግፍ ሠራ፣ ፍርድን አጣመመ ማለት ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የምናገኘው «ዓመፃ» ከዚህ ይመነጫል፤ በአዲስ ኪዳንም በዋናነት ለሁለት የግሪክ ቃላት ቆሞ እናገኘዋለን። አንዱ «አኖሚያ» ነው፤ ሕግ እንደሌለ አድርጎ መኖርን ያመለክታል። ሐዋርያው ዮሐንስ «ኃጢአትም ዓመፅ ነው» ሲል የተጠቀመው በዚህ ቃል ሲሆን (1ኛ ዮሐ. 3፥4)፣ ጌታም በማቴዎስ ምዕራፍ 7 ላይ የተናገረው ይህንኑ ነው። ሌላው «አዲኪያ» ሲሆን ጽድቅንና ፍትሕን ማጉደል፣ የሰውን ድርሻ መንፈግ ማለት ነው። የመጀመሪያው ፊቱን ወደ እግዚአብሔር ሕግ፣ ሁለተኛው ወደ ባልንጀራችን ያዞረ ይመስላል፤ ነገር ግን ያው ሐዋርያ «ዓመፃ ሁሉ ኃጢአት ነው» ሲል (1ኛ ዮሐ. 5፥17) አዲኪያን ስለሚጠቅስ ሁለቱን ለያይቶ በአንዱ ብቻ ንጹሕ ነኝ ማለት አይቻልም።

ቃሉ የት የት እንደሚገባ ማየት ከትርጓሜው ይልቅ ያስተምራል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ዓመፃን የሚከለክለው በፍርድ ወንበርና በገበያ ላይ ነው፤ ዳኛው ለድሃውም አድልቶ፣ ባለጠጋውንም አክብሮ እንዳይፈርድ፣ ነጋዴውም በመለካት፣ በመመዘንና በመስፈር እንዳያጎድል ያዝዛል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 የተጠቀሰው መጋቢ፣ ማለትም የአንድ ባለጠጋ ንብረት አስተዳዳሪ፣ የጌታውን ባለዕዳ «ፈጥነህም ተቀምጠህ አምሳ ብለህ ጻፍ» ያለው የመቶ ማድጋ ዘይት ዕዳ እያለበት ነበር። ያ መጋቢ ድምፁን አላሰማም፣ ማንንም አልመታም፤ በወረቀት ላይ አንድ ቁጥር በሌላ ተተካ፣ ያ ብቻ ነው። ጌታው በልባምነቱ ሲያመሰግነው እንኳ መጠሪያው «ዓመፀኛው መጋቢ» እንደ ሆነ ቀርቷል፤ ብልህነቱ መመስገኑ ሥራውን ጽድቅ አላደረገውም።

በምዕራፍ 18 ደግሞ እግዚአብሔርን የማይፈራና ሰውን የማያፍር አንድ ዳኛ አለ። አንዲት መበለት «ፍረድልኝ» እያለች ደጋግማ ትመጣበታለች፣ እርሱም አያሌ ቀን እንቢ ይላታል። ዛሬ ይህን ታሪክ ለማያውቅ ሰው ብንነግረውና ከሁለቱ ዓመፀኛው ማን እንደ ሆነ ብንጠይቀው፣ በሥልጣን ያለውን ሰው አላስቀምጥ ያለችውን ሴት ሳይጠቁም አይቀርም። ጌታ ግን «ዓመፀኛው ዳኛ» ያለው ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ነው። እኔ ከሁሉ ይልቅ ልናስብበት የሚገባው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዛሬው አነጋገር ዓመፅ ከታች ወደ ላይ የሚነሣ ሲሆን፣ በቅዱሳት መጻሕፍት ግን ብዙ ጊዜ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው። በእጃችን ሌሎች የሚጠብቁት ነገር ካለ፣ ደመወዝም ይሁን ፊርማ፣ ምስክርነትም ይሁን የእርቅ ቃል፣ ቃሉ እኛን ይመለከታል።

ጌታ በሌላ ስፍራ «ከዓመፃም ብዛት የተነሣ የብዙ ሰዎች ፍቅር ትቀዘቅዛለች» ብሏል (ማቴ. 24፥12)። ሚዛኑ የተጭበረበረበት ሰው ቀጣዩን ሻጭ አያምንም፣ ፍርድ የተጣመመበትም ለሌላው ለመመስከር ወደ አደባባይ አይወጣም፤ በዚህ መንገድ የአንዱ ዓመፃ ያልበደሉትን ሰዎች ሳይቀር እርስ በርስ ያራርቃል።

ከዚህ የምንነጻበትን መንገድም ዮሐንስ ሲያመለክት፣ ብንናዘዝ እግዚአብሔር ኃጢአታችንን ይቅር እንደሚል ብቻ ሳይሆን «ከዓመፃም ሁሉ» እንደሚያነጻን ጨምሮ ይናገራል (1ኛ ዮሐ. 1፥9)። መንጻቱ በሕይወት ውስጥ ምን እንደሚመስል የቀራጮች አለቃ የነበረው ዘኬዎስ አሳይቶናል (ሉቃ. 19፥1-10)። ጌታ አስቀድሞ በስሙ ጠርቶት ወደ ቤቱ ገባ፤ ዘኬዎስም እንዲመልስ ሳይጠየቅ ቆሞ ለድሆች የሀብቱን እኩሌታ እንደሚሰጥ፣ በሐሰት ከስሶ የወሰደውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። በይቅርታው ምትክ የከፈለው ዋጋ አልነበረም፤ ጌታ ቤቱ በመግባቱ ያን ገንዘብ ይዞ መቀመጥ አልቻለም እንጂ።